በኅዳር ጽዮን ማታ የተሰበሰበ ምራቅ

የሰው ምራቅ እየሰበሰብኩ እንጀራ የበላሁበት ጊዜ ነበር። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ሳቁ የሚያልቀው ታሪኩ መንዝ ሲደርስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እዚያ ሳልደርስ ወሬ እለውጣለሁ። ዛሬ ግን አልለውጥም።

ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። እኔ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ያቋረጥኩት ዲግሪ፣ አንድ ክፍል ሙሉ መጽሐፍ፣ በማናቸውም ጉዳይ ከማንም ጋር ላለመስማማት የተዘጋጀ አፍ ነበረኝ። ሰዎች «ያነበበ ነው» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ባነበብኩት ምን እንዳደረግሁበት የጠየቀኝ ስላልነበረ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ሃይማኖትን በተመለከተ የደረስኩበት መደምደሚያ ነበረኝ፤ መደምደሚያዬን ለመስማት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ካጋጠመኝ እየተከተልኩ እነግረው ነበር።

ሥራውን የሰጠችኝ ዶክተር ሰናይት ናት። የእንቅልፍን ነገር የምታጠና፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሐኪም ነበረች። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን የነገረችኝን እስካሁን አስታውሳለሁ። በጭንቅላታችን መካከል ከገብስ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ እጢ አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ትለቃለች፤ ሰውነት መምሸቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ብርሃን ካየች ዝም ትላለች። ጥያቄው አየሩ በሳሳበት፣ ኦክስጅን ባነሰበት ከፍተኛ ደጋ ላይ ይህች እጢ ሥራዋን እንዴት ትሠራለች የሚል ነው። አንዳንዶቹ ይቀንሳል ይላሉ፣ ሌሎቹ ይጨምራል፤ ለጎብኚ የሚሆነው ለተወላጁ አይሆንም የሚሉም አሉ። ሊቃውንቱ አለመስማማታቸውን ስሰማ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ንጥረ ነገሩ በምራቅ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ ሥራው ቀላል ነው። እሷ ከዓለም ከተማ በታች ባለው የመርሐቤቴ ቆላ፣ እኔ ደግሞ ከቀየት ባሻገር ባለው የመንዝ አናት ላይ ሆነን፣ ፈቃደኛ ሰዎችን ለሦስት ቀን ምራቃቸውን በትንንሽ ብልቃጥ እናስተፋለን። ከፀሐይ ግባት ጀምሮ እስኪተኙ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከዚያም ንጋት ላይ እንደነቁ አንዴ። ከእያንዳንዱ በፊት አፋቸውን በውኃ ይጉመጠመጣሉ። ከአንዲት ደካማ ቀይ መብራት በቀር ብርሃን ክልክል ነው። ሦስቱ ቀኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ እስከሆኑ ድረስ ግን ተከታታይ መሆናቸው ግድ አልነበረም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔ ያኔ በደንብ አውቃት ነበር።

መጀመሪያ ፈቃደኛ የሆኑት መምሬ ጥላዬ ናቸው። ስልሳውን ያለፉ፣ ቀጫጫ፣ ከለበሱት የሱፍ ባና ውስጥ ጭንቅላታቸው ብቻ የሚታይ የማርያም ቄስ። ሰው ሁሉ «ደማችንን ሊሸጡት ነው» እያለ ሲሸሸኝ እሳቸው ራሳቸው መጡ።

«እኔ እንኳ ለሳይንሳችሁ ብዬ አይደለም» አሉኝ። «እንቅልፍ ሌሊት ይሸሸኝና ቀን ይመጣብኛል። ባለፈው ፍልሰታ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ዓይኔ ክድን አለ። በእጄ የያዝኩትን ታውቃለህ?»

«ኅብስት» ልል ነበር።

«ሥጋውን ነው የያዝኩት። ቢወድቅስ? ዲያቆኑ ክርኔን ባይነካኝስ? ከዚያ ወዲህ መቅደስ በገባሁ ቁጥር እፈራለሁ። ያቺ በጭንቅላት ውስጥ አለች የምትላት እጢ ታማብኝ እንደሆነ ቁርጡን ንገሩኝና፣ መድኃኒት ካለው ልዳን፣ ከሌለው በጊዜ ልተወው።»

«ከምርመራው በኋላ ይታወቃል» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል የመግባት ሥልጣን አልነበረኝም፤ ጥናቱም ለማንም መድኃኒት የሚሰጥ አልነበረም።

የፈቃደኝነት ቅጹን አነበብኩላቸው። «በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ፈጠን ማለቱን አልክድም። እሳቸው እስከ ክርስትና ስማቸው ጽፈው ፈረሙ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከምድጃው ዳር ሆነው ሲያዩን ቆዩና፣

«እንግዲህ ግብር የሌለበት ምራቅ ብቻ ነበር፤ እሱም ሹም መጣለት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «የምራቅ ሹም» ሆነ።

ኅዳር አሥራ ስድስት ልንጀምር ነበር። ናሙናው የሚቀመጥበትን የበረዶ ሳጥን የያዘው መኪና ግን ጎማው ፈንድቶ ሦስት ቀን ዘገየ። እኔም ሥራውን ሦስት ቀን ገፋሁት። ቅጹ ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ ኖቬምበር 28፣ 29፣ 30 ብዬ ጻፍኩ። እነዚህ ቁጥሮች በአገሬ ሰው ምን ማለት እንደሆኑ አልቆጠርኩም። ስለ ማያ ሕዝብ የቀን አቆጣጠር አንድ ሰዓት ሙሉ ማውራት እችል ነበር፤ ኅዳር ሃያ አንድ ጽዮን መሆኗ ግን አልታየኝም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ እንቅልፍም ልናገር፤ ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም። ያረፍኩት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች የጤና ኬላ ውስጥ ነበር። ውጭው አመዳይ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ዓይኔን ስከድን ትንፋሼ ለትንሽ ጊዜ ይቆማል፤ ከዚያ እንደ ሰጠመ ሰው እያለከለክሁ እነቃለሁ። አየር በሳሳበት አገር አዲስ መጪ እንዲህ እንደሚሆን አንብቤ ነበር። ማንበቤ አላስተኛኝም። ሳጥኑን የሚወስደው መኪና ሃያ ሁለት ጠዋት ሲመጣ አብሬው መውረድ፣ አንድ ሌሊት እንደ ሰው መተኛት፣ ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

በሁለተኛው ማታ፣ ኅዳር ሃያ መሆኑ ነው፣ መምሬ ሦስተኛውን ብልቃጥ ከመለሱልኝ በኋላ በቀዩዋ መብራት ጭላንጭል እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ነገ አይሆንልኝም። ነገ ጽዮን ናት።»

«ጽዮን ብትሆንስ?»

«ቀዳሽ ነኝ። ከሦስታችን ቄሶች አንዱ ለለቅሶ ራቤል ከተማ ሄደዋል፤ የቀረነው ሁለት ነን። ከቀደስኩ ደግሞ እቆርባለሁ። የቆረበ ሰው ምራቁን አይተፋም።»

ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። እናቴ በቆረበችበት ቀን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትውል አይቼ አድጌያለሁ። ምራቅ ልሰበስብ ቄስ አገር ስመጣ ይህን አለማሰቤ የሚያስቀኝ ቢሆን ደግ ነበር።

«እንግዲያ ከነገ ወዲያ እናድርገው» ማለት ነበረብኝ። ሰባት ቃል አይሞላም። እኔ ግን መኪናውን አሰብኩ፤ ትራሴን አሰብኩ።

«መምሬ፣ ሦስቱ ቀን ካልተከታተለ ያለፉት ሁለቱም ይጣላሉ» አልኩ። «የእርስዎ ነገር ሳይታወቅ ይቀራል። ፈርመዋልኮ። ቃልዎን ሰጥተዋል።»

እትዬ አስካለ ከጨለማው ውስጥ፣ «ምራቅ ለጽዮን አንድ ቀን መታገሥ ያቅተዋል?» አሉ።

«የሳይንስ ሕግ ነው፣ እትዬ።»

«የማን ሕግ?»

«አስካለ፣ ተይው» አሉ መምሬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቃል ሰጥቻለሁ፤ እውነትህን ነው። ደግሞም እንዲህ እያንቀላፋሁ ከምቀድስ ቁርጡን ባውቅ ይሻላል። የገብርኤሉን ቄስ እለምናቸዋለሁ። እሳቸው ከተኩኝ ምንም አይጎድልም።»

ሲነጋ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የንጋቱን ናሙና ልወስድ ሄድኩ። መምሬ ተነሥተው ተቀምጠው ነበር። የገብርኤሉ ቄስ ማታውን «እሺ» ብለው ልከውላቸዋል፤ ፊታቸው ፈታ ብሏል።

«እንግዲህ ዛሬ የሕዝቡ ወገን ነኝ» አሉ።

ውኃውን በጣሳ ሰጠኋቸው። ለአንድ አፍታ ጣሳውን ይዘው ቆዩ። ለሚቀድስ ሰው ውኃ አፉ ከገባ አበቃ፤ ይህንንም ሕፃን ያውቀዋል። ከዚያ ተጉመጠመጡ። ተፉ። ብልቃጡን ከድኜ ቁጥር ጻፍኩበት። ወደ ማደሪያዬ ተመልሼ ጋደም አልኩ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዴት ያለ እንቅልፍ! ትንፋሼ አልተቆረጠ፣ አልባነንኩ። በሕልሜ ደወል የሰማሁ ይመስለኛል። ስነቃ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል።

ማታ የመምሬ ቤት ስገባ እትዬ አስካለ «የምራቅ ሹም» አላሉኝም። ሰላምታዬንም አልመለሱም። መምሬ በቦታቸው ተቀምጠዋል። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ምድጃውን ከለልኩ፣ ቀዩዋን መብራት አበራሁ። ተጉመጠመጡ፣ ተፉ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ደግሞ ተጉመጠመጡ፣ ተፉ። ሌላ ጊዜ በመካከሉ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ ያወሩኝ ነበር።

«የጽዮን በዓል እንዴት ነበር?» አልኩ።

«ታጎለ» አሉ።

«ምን?»

«ቅዳሴው ታጎለ።»

የገብርኤሉን ቄስ የራሳቸው ደብር አልለቅም ብሏቸው ኖሯል። ወሬው የመጣው ረፋድ ላይ ነው። የጾም ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ ሌላ ቄስ ፍለጋ ሰው ተላከ፤ ግን ዕለቱ ጽዮን ነው፣ ቄስ ሁሉ በየደብሩ ነው። አንድ ቄስ ብቻውን አይቀድስም። ሁለተኛው ቄስ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ግን አፋቸው ውኃ ገብቶበታል።

«ሕዝቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመ» አሉ እትዬ አስካለ። «ልጇን ክርስትና ልታስነሣ የመጣች አራስ ነበረች። እሷም ይዛ ተመለሰች። ‹መምሬ ምን ሆኑ?› ይላል ሰዉ። እሱም ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ብሎ ዝም። በእሱ ዕድሜ በዚህች ደብር ጽዮን ታጉላ አታውቅም!»

«አስካለ።»

«ምን አስካለ አስካለ ትለኛለህ! ይስማው እንጂ!»

ያን ጊዜ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ በትክክል ላስረዳው አልችልም። እጄ ኪሴ ገባ፤ የእጅ ባትሪዬን አወጣሁና የመምሬን ፊት አበራሁት። ይመስለኛል የፈለግሁት እንዲህ ያለ ነገር የሆነበት ሰው ምን እንደሚመስል ማየት ነው። ወይም ቀልድ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ። ነጩ ብርሃን ዓይናቸው ላይ አረፈ። እንባቸው ጺማቸው ድረስ ወርዶ ነበር፤ ሲያለቅሱ የነበሩት እየተፉ ኖሯል። ብርሃኑን በመዳፋቸው ከለሉና ቀስ ብለው፣

«ብርሃን ክልክል ነው ብለኸኝ አልነበር?» አሉ።

አጠፋሁት። ጨለማው ከቀድሞው ጠቆረ።

«ተበላሸ እንዴ?» አሉ መምሬ። ድምፃቸው የሚለምን ድምፅ ነበር። ከዚያ ቀን የቀራቸው ያ ብልቃጥ ብቻ ነበር፤ እሱም በከንቱ እንዳይሆን ፈሩ።

«የለም፣ መምሬ። ምንም አልሆነም።»

ሁለተኛው ውሸት ይህ ነው። ሌሎቹንም ብልቃጦች ሞላን። የተበላሸ ነገር እየቆጠርኩ፣ ክዳኑን እያጠበቅሁ፣ ሰዓቱን እየጻፍኩ እስኪተኙ ድረስ ቆየሁ። ሃያ ሁለት ጠዋት መኪናው መጣ። ወረድኩ።

ለዶክተር ሰናይት ስለ ባትሪው ነገርኳት፤ የዚያን ማታውን ናሙና በሙሉ ጣለችው። «ግን ለምን በበዓል ቀን አደረግኸው? አንድ ቀን ብትገፋው ምን ነበረበት?» አለችኝ። መኪናው አልኩ። «መኪናውን እኮ በስልክ ማስቆም ይቻል ነበር» አለች። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ከጤና ኬላው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ይህንም አውቅ ነበር።

ሲያመቸኝ አየሩን ከስሼዋለሁ። ለስንት ቀን ያልተኛ፣ ኦክስጅን ያነሰው አእምሮ በትክክል አይፈርድም፤ ይህ የታወቀ ነው፣ የሚጠቀስም አላጣም። ችግሩ መምሬ ጥላዬም የሚተነፍሱት ያንኑ አየር መሆኑ ነው። እሳቸውም አልተኙም ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። መምሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ቀርቤ ጎንበስ አልኩ።

«መምሬ፣ አላወቁኝም መሰለኝ።»

«የምራቅ ሹም አይደለህ!» አሉ፤ ሳቁም። «አስካለ ገበያ ወርዳለች እንጂ ብታገኝህ ግብርህን ታስከፍልህ ነበር። በል ተቀመጥ። የራሴ ነገር ታወቀ?»

ስድስት ዓመት ሲጠብቁ ኖረዋል። ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ጥናቱ መድኃኒት እንዳልነበረው፣ ባትሪው የዚያን ማታውን ናሙና እንዳበላሸው፣ ቀኑ ሊገፋ ይችል እንደነበር፤ ሁሉንም። ስናገር ዓይኔ መሬት ላይ ነበር።

«የባትሪውንስ አውቄዋለሁ» አሉ። «ብርሃን ያበላሸዋል ብለህ ሁለት ማታ ሙሉ ስትነግረኝ ከርመህ አንተው አብርተህ ‹ምንም አልሆነም› አልከኝ። ልጅ አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ደንግጠህ ነበራ።»

በዘንጋቸው ጫፍ ከፊታቸው ያለችውን ጠጠር ወዲያ ወዲህ አደረጓት።

«ቀኑን ግን አላወቅሁም። በማግሥቱም ይሆን ነበር በለኛ።»

«ይሆን ነበር።»

«ይሆን ነበር» ብለው ደገሙት። ለራሳቸው እንጂ ለእኔ አልነበረም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ መምሬ። ቅዳሴውን ያስታጎልኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ስል ቀና ብለው አዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጡ መሰለኝ።

«እሱንስ አልሰጥህም። ውኃውን አፌ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ ሁለት ዓመት ከመቅደስ ወጥቼ ከሕዝቡ ጋር ቆሜበታለሁ። አልቋል። አሁን ዲያቆኑ ክርኔን ይዞኝ እቀድሳለሁ፤ ሳንቀላፋ ይቆነጥጠኛል። መጀመሪያም መድኃኒቱ እሱ ነበር። የኔን ለኔ ተውልኝ። ያንተ ውሸቱ ነው፤ እሱን ውሰድ።»

«ይቅርታ አላደረጉልኝም ማለት ነው?»

«እኔማ ያን ማታ አድርጌልሃለሁ። ግን ይቅርታና ቀኖና አንድ አይደለም። የንስሐ አባት አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ማን ይስጥህ?» አሉ። ሲያላግጡ አልነበረም፤ ከልባቸው ተጨንቀው ነው የጠየቁኝ። ተነሥቼ እጃቸውን ስሜ ወረድኩ።

እናንተ አንባቢዎቼ የንስሐ አባቶቼ አይደላችሁም፤ ብትሆኑም አብዛኞቻችሁ አትጨክኑም፤ «ወጣት ነበርክ» ትሉኛላችሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ወጣትነት አይደለም። በእምነት ነገር ያለኝ መደምደሚያም አልተለወጠም፤ ይህን የምናገረው ተመለሰ ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ተለውጣለች። ከሰው አንድ ነገር ለመጠየቅ፣ ቀጠሮ ለመያዝ፣ ፊርማ ለማስፈረም ስቀመጥ፣ ቁጥሩን ከመጻፌ በፊት «ያ ቀን ለእርስዎ ምን ቀን ነው?» እላለሁ። ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። የልጃቸው ሙት ዓመት እንደሆነ የነገሩኝ አሉ፤ ገበያ ነው ያሉም አሉ፤ አብዛኞቹ «ምንም አይደለም» ይላሉ። እጽፋለሁ።

በየዓመቱ ኅዳር ሃያ አንድ ሲመጣ ግን አንድ ነገር አደርጋለሁ፤ ማንም አላዘዘኝም። ንጋት ላይ እነሣለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አፌ አላስገባም። ቤቴ ውስጥ እቆማለሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ ያን ቀን እዚያ የቆሙት ሰዎችም ሳያውቁ ነበር የጠበቁት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እቀመጣለሁ።